ሰሚው አልሞተም

ይህን ነገር ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም የምታውቀው እኔ ነግሬያት ሳይሆን በራሷ ላይ ስለደረሰ ነው። ለእናቴ አልተናገርኩም። አላህን ይቅር በለኝ ስል እንኳ በደፈናው ነው፤ "ያጠፋሁትን ሁሉ" እላለሁ እንጂ ጥፋቴን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ነገ አሶሳ ገበያ ውስጥ ብንተላለፍ አትለዩኝም፣ እኔም አንገቴን አልደፋም። ፈሪ ሰው ነኝ፤ ይህን ከመጀመሪያው እወቁልኝና ስሙኝ።

ይመር እባላለሁ። እናትና አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው፣ አሶሳ ዙሪያ በቁጥር ከሚጠሩት አምባዎች በአንዱ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔን ግን ማሳው አልያዘኝም። ከተማ ገብቼ መናኸሪያው አካባቢ ጠባብ ሱቅ ተከራየሁና ፊልም መጫን ጀመርኩ። ያኔ በስልኩ ኢንተርኔት ፊልም የሚያይ ሰው በከተማችን ብርቅ ነበር፤ ኔትወርኩ አንዲት ፎቶ ለማውረድም ያምጥ ነበር። ሰው ፍላሹንና ሚሞሪውን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ከአዲስ አበባ በሹፌር እጅ ከሚላክልኝ ሃርድ ዲስክ እየቀዳሁ እሰጠዋለሁ። አዲስ ፊልም አሶሳ ሲገባ መጀመሪያ የማየው እኔ ነበርኩ። ይህ ለእናንተ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፤ ለእኔ ግን ሹመት ነበር።

ከኢድሪስና ከሰዓዳ ጋር የተዋወቅነው በዚያች ሱቅ ነው። ኢድሪስ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካለ የበርታ መንደር የመጣ፣ ነርሲንግ የሚማር ልጅ ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የፊልም ወሬ ካልተነሳ በቀር ቃል የማይወጣው፣ በአማርኛው ሴቷንም «እሱ» የሚል። ሰዓዳ ደግሞ ከእኛ አጠገብ ካለው አምባ ናት፤ እንደኔው የሰፋሪ ልጅ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምታስተምር። እሱ ሱፐር ሂሮ ሊያስጭን መጣ፣ እሷ በቴሌቪዥን ያመለጣትን ሲትኮም ልትወስድ መጣች፣ መብራት ጠፋ። እስኪመጣ ወሬ ጀመርን፤ መጥቶም ወሬው አልቆመም። ከዚያ በኋላ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ መሰብሰብ ልማዳችን ሆነ።

ምን ያህል እንከራከር እንደነበር ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። እነዚህ ጀግኖች የተወለዱት በሥዕል መጽሐፍ ነው፤ ፊልም የሆኑት በኋላ ነው። እኔ መጽሐፎቹን በስልኬ ገጽ በገጽ ስላነበብኳቸው ፊልም ሠሪዎቹ የቀየሩትን ሁሉ እየለቀምኩ እናደድ ነበር። ካባው ሰማያዊ መሆን ነበረበት፤ እናቱ በመጽሐፉ ላይ አልሞተችም፤ ያንን ክፉ ጠላቱን ለምን አስቂኝ አደረጉት? ሰዓዳ በንዴቴ ትዝናና ነበር። ለእሷ ከሰማይ ከሚወርደው ጀግና ሁሉ የሲትኮሟ አከራይ ይበልጥባታል። ሲትኮሙ አንድ ግቢ ውስጥ ስለሚኖሩ ተከራዮች ነበር፤ አከራዩ በየሳምንቱ ኪራይ ሊጨምር ጉሮሮውን ጠርጎ ይነሳል፣ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይፈጠርና ሳይጨምር ይቀመጣል። ሰዓዳ ያንን ጉሮሮ ልክ እንደሱ ስትጠርገው ኢድሪስ እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር። "ጀግና ማለትስ እነዚህ ናቸው፤ ያንተዎቹ ቤት ተከራይተው ያውቃሉ?" ትለኛለች።

ኢድሪስ የሚወደው ጀግና አንድ ነበር። በእንግሊዝኛ ሌላ ስም አለው፤ እኛ ግን "ሰሚው" እንለው ነበር። ስልክ ቤት የሚሠራ ተራ ሰው ነው። አንድ አደጋ ይደርስበትና ከዚያ ወዲያ፣ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ የሚጣራ ሰው ካለ የትም ይሁን የት ይሰማዋል። አይበርም፤ የተለየ ጉልበትም የለው፤ የሚሄደው በእግሩና በአውቶቡስ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይዘገያል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት እቆጥረው ነበር። ኢድሪስ ግን አንድ ቀን፣ "ይዘገያል፤ ግን ይመጣል። ሌሎቹ ይበራሉ፤ እኛ ጋ ማን በሮ መጣ?" አለኝ። ለፊልሙ መልከ መልካም ተዋናይ መምረጣቸውም አልተዋጠለትም። "በመጽሐፉ ጆሮው ትልቅ ነው፣ ፊቱ ደክሟል። እዚህ ቆንጆ አደረጉት። ቆንጆ ሰው የሌላ ሰው ጩኸት ይሰማል እንዴ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ?" እኔ ስለ ካባ ቀለም ስጮህ እሱ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ዝም ይላል። ሰዓዳ ደግሞ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል አየኋት። አሁን ሳስበው የጀመረኝ ያኔ ነው።

ኢድሪስ ተመርቆ ካማሺ ዞን ውስጥ፣ ክረምት ሲገባ መኪና የማይደርስበት ጤና ጣቢያ ተመደበ። የአካባቢው ሰው የሚናገረው ጉሙዝኛ ነው፤ ኢድሪስ ደግሞ ገና ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልያዘውም ነበር። በአማርኛ ሥራውን ይሠራል፣ በበርትኛ የሚያወራው ሰው ግን የለም። ኢንተርኔት የሚባል ነገር አልደረሰም። ስልክ ራሱ የሚይዘው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥተው፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ነው። እሑድ ከሰዓት ያ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ይደውልልናል። እኔ ስልኬን ላውድ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፣ የሳምንቱን ሲትኮም ሰዓዳ ትተርክለታለች፣ አዲስ ሱፐር ሂሮ ከመጣ እኔ እተርክለታለሁ።

ለሌላ ሰው ያላየውን ፊልም መጨረሻ ብትነግሩት ይጣላችኋል። ኢድሪስ ግን እንዲህ ሲል ለመነኝ፦ "እስከ መጨረሻው ንገረኝ ይመር። እኔ ሌላ ማያ የለኝም። አትጨምር፣ አትቀንስ። አማና ነው።" አማና በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። አደራ ነው፤ የበላው ሰው በዚህም በዚያኛውም ዓለም ይጠየቅበታል። እኔም "አማና" ብዬ ተቀበልኩት። ከእኔ የሰማውን ደግሞ እሱ በተራው ለጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ ልጅ አቅፈው ተራ ለሚጠብቁ እናቶች፣ በግማሽ አማርኛና በግማሽ ጉሙዝኛ፣ በእጁም ጭምር ይተርካል። "ዛሬ ሰሚው ምን ሆነ እያሉ ይጠይቁኛል። ስሜን የያዙት በሰሚው ነው" አለን አንድ ጊዜ። ያቺ ወሬ እዚያ አገር ውስጥ ሰው አደረገችው። ይህን አውቅ ነበር። ሳላውቅ ያደረግኩት ነገር የለም።

ታዲያ ምን ነካኝ? ምንም አልነካኝም፤ ቀናሁ። በቴሌግራም የአሶሳ ፊልም ወዳጆች የምንገናኝበት ግሩፕ ነበረን፤ ያቋቋምኩት እኔ ነኝ። ስለ ሰሚው ሁለተኛ ፊልም ረጅም ጽሑፍ ጽፌ፣ ከመጽሐፉ የተለወጠውን አንድ በአንድ አውጥቼ ለጠፍኩ። አንድ ሰው አውራ ጣት አደረገልኝ። በማግስቱ ሰዓዳ፣ ኢድሪስ ፊልሙን ሳያይ፣ ከእኔ ትረካ ብቻ ተነስቶ በስልክ ያለውን ጻፈችው፦ "ኢድሪስ የሚለው፣ ሰሚው ኃይሉን የሚጠላው ስለሚያደክመው አይደለም፤ እሱ ሲጣራ የሚሰማው እንደሌለ ስላወቀ ነው።" ግሩፑ ተናወጠ። ማን ነው ይህ ልጅ? ወደ ግሩፑ አስገቡት! የት ነው ያለው? ፊልሙን አስመጥቼ፣ አይቼ፣ ተርኬ፤ ሰው የሚጠይቀው ግን ስለ እሱ። እኔ ነበርኩ ያየሁት። እኔ ነበርኩ የነገርኩት። ሰዓዳን እወዳት ነበርና ነው ብል ይቀልልኝ ነበር፤ ሰውም ፍቅር ላሳበደው ይራራል። አልወደድኳትም። የምፈልገው መደነቅ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው የሰሚው ፊልም ገባ። አየሁት። መጨረሻው ላይ ሰሚው ያ የመስማት ኃይሉ ይጠፋና እንደ ማንኛውም ሰው ሆኖ፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ስልክ እየጠገነ ይኖራል። አይሞትም። በሰላም ነው የሚያበቃው። እሑድ ሆነ። ሰዓዳ መጥታ ሲትኮሙን ልትተርክ ስትጠብቅ የአሱር አዛን ተሰማ፤ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ፣ "ከደወለ አቆይልኝ" ብላ መስጊድ ሄደች። ወጣ እንዳለች ኢድሪስ ደወለ።

ከዚያ ያደረግኩትን በዝግታ ልናገረው፤ ከዚህ ቀደም በሐሳቤ ሁሌ እየሮጥኩ ስለማልፈው። የእኔ ስልክ ጥሪ ላይ ስለነበር የሰዓዳን ስልክ ከቻርጅ ነቀልኩ፣ መቅጃውን ከፈትኩ፣ ከላውዱ አጠገብ አስጠጋሁት። የስልኳን መክፈቻ አውቀው ነበር፤ አምናኝ የነገረችኝ ነው። ከዚያ ለኢድሪስ ሰሚው ሞተ ብዬ ነገርኩት። ጠላቱ በሕፃን ድምፅ ጠራው አልኩት። ሮጦ ሄደ፣ ወጥመድ ነበር፣ ቆሰለ፣ መንገድ ዳር ወድቆ ተጣራ፣ የሚሰማው አጣ አልኩት። ቀብሩ ላይ አንድም ሰው አልቆመም አልኩት። እያንዳንዱን ከሆዴ አወጣሁት፤ እንዲያምን ብዬ እዚህም እዚያም ከእውነተኛው ፊልም ቀላቀልኩበት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ተርኬ አላውቅም።

ኔትወርኩ የሄደ መሰለኝ። ከዚያ፣ "እሱ ስንት ሰው ሰማ፤ እሱን አንድ ሰው አልሰማም?" አለና አለቀሰ። ጎልማሳ ሰው ድምፁን ሳይቆጥብ አለቀሰ። "ልንገርህ ይመር፤ አትስቅብኝ። አንዳንድ ቀን እዚህ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ኔትወርክ የለም። ዝም ብዬ እጮኻለሁ። ስም እጠራለሁ። ኡሚን እጠራለሁ፣ አንተን እጠራለሁ፣ ሰዓዳን እጠራለሁ። ሰዓዳ አያውቅም፤ እንዳትነግረው። ማንም እንደማይሰማ አውቃለሁ። ግን ሰሚው ካለ ይሰማል እላለሁ። ልጅ ነኝ እንዴ? ልጅ አይደለሁም። ግን እላለሁ።"

ሰው እንዲህ ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? "ወንድሜ፣ ዋሸሁህ፣ ሰሚው አልሞተም" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሰዓቱን አየሁ፤ ሰዓዳ ሳትመለስ መጨረስ ነበረብኝ። አይዞህ፣ ፊልም ነው እኮ፣ አልኩትና ዘጋሁት። ከዚያ ቅጂውን ከሰዓዳ ስልክ፣ በሰዓዳ ስም፣ በቀጥታ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። "ሰሚው አርፏል፤ ለቅሶ መድረስ የምትፈልጉ ወደ ካማሺ" ብዬ ከሥሩ ጻፍኩበት። ስልኳን መልሼ ቻርጅ ላይ ሰካሁ። ስትመጣም፣ ዛሬ ኔትወርኩ አስቸገረው፣ ቶሎ ተቋረጠ፣ አልኳት። ለምን በእሷ ስም? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ስልኩ እጄ ላይ ስለነበረ ነው እል ነበር። ውሸት ነው። ወደ ራሴ ስልክ ልልከው እችል ነበር።

ሰዓዳ ያየችው ማታ ቤቷ ገብታ ነው። ወዲያው አጠፋችው፤ ግን ሰው ለሰው ተቀባብሎታል፣ በተላለፈበት ሁሉ ከላይ የእሷ ስም አብሮት ይሄዳል። በማግስቱ ሱቄ መጣች። አልጮኸችም። "ምን አድርጎህ ነው?" ብቻ አለችኝ። እኔ ቀልድ ነው አልኩ፤ ይረሳል አልኩ፤ ለኢድሪስ ብትነግሪው ልቡ ይሰበራል፣ ጊዜ አይቼ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ አልኩ። ለእሱ ብላ ዝም አለች። እኔ ደግሞ ዝምታዋን እንደ ምቹ ነገር ያዝኩት።

ኢድሪስ በዓመት ፈቃዱ አሶሳ የመጣው ሽማግሌ ሊልክ ነበር፤ ለሰዓዳ አባት፤ ሁለቱ ተዋደው ነበር። እነሰዓዳ ቤት የሽማግሌው ወሬ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ እናቷ ግቢውን አስጠርጋ፣ ዘመድ ጠርታ ትጠብቃለች። እሱ ግን ከመናኸሪያ የተሳፈረበት ባጃጅ ሹፌር ለጓደኛው ስልኩን ከፍቶ፣ "ይቺን ሰማሃት? ካማሺ ሆኖ ለፊልም የሚያለቅሰውን?" አለ። ኢድሪስ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ራሱን ሰማ። ድንጋዩን ሰማ፣ እናቱን ሲጠራ ሰማ። ሹፌሩ ማን እንደጫነ አላወቀም። ኢድሪስ ስልኩን አሳየኝ ብሎ ተቀበለውና ከላይ ያለውን ስም አነበበ። ከዚያ ወረደና፣ ሻንጣውን እንደያዘ፣ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

ፊቱን አልረሳውም። እኔ ላይ አልተቆጣም፤ መጠጊያ ፈልጎ ነበር የመጣው። ከዚያ ቀን በፊት ፊልሙን አንድ ሰው በፍላሽ አምጥቶለት አይቶታልና፣ "ሰሚው አልሞተም። ለምን ሞተ አልከኝ?" አለኝ። ለዚህ አስቀድሜ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አያችሁ፣ በድንገት የወጣኝ ቃል እንኳ አይደለም። ፋይሉ ግማሽ ላይ ይቆምብኝ ነበር፣ መጨረሻውን የነገረችኝ ሰዓዳ ናት፣ ለምን እንደዚያ እንዳለችኝ አላውቅም አልኩት። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። "ይመር፣ ስልኩ የሱ ነው። የተቀዳበት ቦታ ግን ያንተ ነው። አንተ አይደለህም? ወላሂ በል" አለኝ።

"ወላሂ እኔ አይደለሁም" አልኩ።

ወላሂ አልኩ። በአላህ ስም፣ ወንድሜ ዓይን ዓይኔን እያየኝ፣ ምላሴ ሳይደናቀፍ። አመነኝ። አቅፎኝም ሄደ። ሰዓዳ በኋላ እውነቱን ስትነግረው፣ "አጥፍተህ ሌላ ሰው ላይ ትለጥፋለህ፤ ይመር ምሎልኛል" ብሎ ዘጋባት። ሽማግሌ ሳይላክ ቀረ። እነሰዓዳ ቤት የተጠራው ዘመድ በልቶ ጠጥቶ ወደየቤቱ ሄደ። አባቷ አንገቱን ደፍቶ መስጊድ ሲመላለስ አየው ነበር፤ ሰላም ሲለኝም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እመልስለት ነበር። አምባ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም፤ ሽማግሌ ሊመጣላት ነበር የተባለች ልጅ፣ ካልመጣ፣ ሰው ምክንያት ይፈልግላታል፣ ካጣም ይፈጥርላታል። ሌላ ጠያቂ አልመጣላትም። እስከ ዛሬ እዚያው ታስተምራለች።

እኔ ጋ መምጣት ያቆሙት አንድ ላይ ነው፤ እሱ ካማሺ ተመለሰ፣ እሷ በሱቁ በኩል ማለፍ ተወች። እሑድ ከሰዓት ሱቄን ከፍቼ እቀመጥ ነበር። ደንበኛ ይመጣል፣ ይሄዳል። አዲስ ፊልም ሲገባ ብቻዬን አየዋለሁ፤ ካባው በመጽሐፉ ላይ ሌላ ቀለም ነበረ ብዬ እናደድና በንዴቴ የሚስቅ ሰው ፈልጌ ቀና እላለሁ። ሲትኮሙ አለቀ፤ አከራዩ በመጨረሻው ክፍል ምን እንዳደረገ ለማንም አልተረክሁም፣ የጠየቀኝም የለም። ከዚያ ኢንተርኔቱ ተሻሻለና ፊልም የሚያስጭን ሰው ጠፋ። ግሩፑም ሰው እየወጣ እየወጣ ባዶ ሆነ። አሁን ስልክ እጠግናለሁ፣ ሽፋን እሸጣለሁ። ብቸኝነቴን ቅጣት ነው ብዬ እንድታዝኑልኝ አልፈልግም። ቅጣቱን የተቀበለችው እሷ ናት፤ የእኔ ከዚያ የተራረፈ ነው።

ኢድሪስ ግን አልተወኝም። ይህ ነው የሚብሰው። እየደወለ ይጠይቀኛል፣ ለኢድ ማር ይልክልኛል፣ "ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሳቀብኝ አንተ ነህ" ይለኛል። በቅርቡ ካማሺ ውስጥ አብራው የምትሠራ አዋላጅ ሊያገባ ሆነ። ለኒካው ሁለት ምስክር ያስፈልገዋል። አንዱ አጎቱ፤ ሌላው እኔ። "ምስክር የታመነ ሰው ነው የሚሆነው። ከዘመድ ውጭ እኔ የማምነው አንድ ሰው አለኝ" አለኝ። በሐሰት በአላህ ስም የማልኩበትን ሰው፣ በዚያው አፌ እንድመሰክርለት ጠራኝ። አልችልም ማለት ነበረብኝ። ሄድኩ። ከሸሁ ፊት ተቀመጥኩ። መስክሬያለሁ አልኩ። እሱ እጄን ጨበጠና አልለቀቀኝም።

ከዚያ ሰርግ ተመልሼ መብላት አቃተኝ። በአላህና በእኔ መሃል ያለውን እሱ ሊምረኝ ይችላል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ ራሱ አፉ፣ ይቅር ብያለሁ፣ ካላለ አይወርድም፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ለኢድሪስ ልነግረው ወሰንኩ። ወስኜም ፈራሁ፤ ፈርቼም ሰዓዳ ጋ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኋት። ልጆቹ ወጡ፣ እሷ የፈተና ወረቀት ታቅፋ መጣች። ከዚያ ወዲህ ስንነጋገር የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ለኢድሪስ ሁሉንም ልነግረው እንደሆነ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ ስሟ የሚጠራላት ይመስለኝ ነበር።

ቆማ አየችኝ። "አንተ ይመር፣ እሱ እኮ አሁን ሚስት አለው" አለች። "ብትነግረው ምን ሊሆን ነው? እሷን ባየ ቁጥር እኔን ሊያስብ? አንተ ቀሎህ ልትተኛ እሱ ሊነቃ? ያቺ ልጅ ምን አደረገችህ? አትነግረውም። ላንተ አዝኜ እንዳይመስልህ።"

"እኔስ ታዲያ ምን ላድርገው?" አልኳት።

"አንተማ ያዘው።"

ጥቂት ሄደችና ዞር አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ይኸው ስንት ዘመን ቆይተህ መጣህ፤ ስለ እሱ ልታማክረኝ። እኔን አፉ በይኝ እንኳ አላልከኝም።"

እውነቷን ነበር። ከቤቴ ተነስቼ እዚያ እስክደርስ፣ እዚያም ቆሜ ሳለሁ፣ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩትም ነበር። ስሟን ወሰድኩ፣ ስልኳን ወሰድኩ፣ ሊሆን የነበረ ትዳሯን ወሰድኩ፤ ይቅርታ መጠየቅ ሳስብ ግን የታየኝ እሱ ነው፤ እሱ ይወደኛል፣ እሱ ይምረኛል ብዬ። የሚምረኝን መርጬ ነበር የምሄደው። ያኔም ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ ከነገረችኝ በኋላ የሚወጣ ቃል የእኔ አይሆንምና ዘጋሁት። ወይም ፈራሁ። አላውቅም። እሷ ሄደች።

ለኢድሪስ አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። ለእናንተ ተናገርኩ እንጂ እናንተ ባለሐቅ አይደላችሁም፤ ብታዝኑልኝም የምታዝኑት የእናንተ ባልሆነ ሐቅ ነው። ሰዓዳ ስሟን ለማጥራት አንድ ቃል ከእኔ ትፈልግ ነበር፤ ከለከልኳት። አሁን እሷ ያልሰጠችኝን ይቅርታ ከእናንተ መውሰድ አልፈልግም። አፉ እንዳትሉኝ።